ምዕራፍ ዘጠኝ፤ ዜማና ሥርዓት ለምድር እንክብካቤ

የምዕራፉ ዓላማ

ተማሪዎች፣ ይህን ምዕራፍ ተምራችሁ ስትፈጽሙ፤

1. ዜማና በዓል ስለ ዕፀዋት፣ ስለ ውሃና ስለ ወቅት የሚያስተላልፉትን ዕውቀት ለይታችሁ ታስረዳላችሁ፤
2. ዘወትር የሚደረገውን፣ ቀድሞ ይደረግ የነበረውንና አንድ ጊዜ ተደርጎ ያለፈውን ድርጊት በግስ ለይታችሁ ትጽፋላችሁ፤
3. በአካባቢያችሁ ያሉትን አረጋውያን ጠይቃችሁ በምታገኙት ማስረጃ ገላጭ ድርሰት ታዘጋጃላችሁ።

ክፍል አንድ፤ ምንባብ

ምንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት የሚከተሉትን ሁለት ጥያቄዎች በልባችሁ መልሱ። በሰፈራችሁ ለእንቁጣጣሽ የሚያዘው አበባ ከወዴት ይመጣል? በበዓል ቀን ቤት ውስጥ የሚጎዘጎዘው ቄጤማስ የት ይበቅላል? መልሳችሁን በደብተራችሁ ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ከዚያም ምንባቡን በጥሞና አንብቡ።

አበባው ከወዴት ይመጣል?

ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ በሚገኘው በአያት ሆኖ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው የየካን ኮረብቶች ያያል፤ እነርሱም ወደ ምዕራብ እየተያያዙ ሄደው ከእንጦጦ ተራራ ጋር ይገናኛሉ። በአያት ዙሪያ ያለው ሜዳ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። ዛሬ መኖሪያ ቤቶች፣ ፎቆችና መንገዶች ሞልተውበታል፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መሥመርም ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ እስከዚያው ድረስ ተዘርግቷል። በእንዲህ ያለ ሰፈር የሚያድጉ ልጃገረዶች ዘመን መለወጫ ሲደርስ እንደ እናቶቻቸው ተሰብስበው አበባየሆሽን ይዘፍናሉ፤ ወንዶች ልጆችም በወረቀት ላይ የሣሉትን አበባ ለዘመድና ለጎረቤት ያበረክታሉ። ዜማውን ሁሉም ያውቀዋል። ነገር ግን «ይህ አበባ ከወዴት መጣ?» ተብለው ቢጠየቁ «ከገበያ» ከማለት የተለየ መልስ የሚሰጡት ስንቶች ናቸው?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ብዙ ነገር ይዟል። የአበባየሆሽ ሥርዓት በገጠር የሚጀምረው ከደጃፍ ሳይሆን ከመስክ ነው። ልጃገረዶቹ ከመዝፈናቸው በፊት አደይ አበባ ወዳለበት ስፍራ ይሄዳሉ። ስለዚህ ከቢጫ አበቦች መካከል አደይ የትኛው እንደሆነ፣ በየትኛው ዳገት ላይ እንደሚበዛ፣ መቼም እንደሚፈካ ከታላላቆቻቸው ይማራሉ። አደይ አበባ በክረምቱ ዝናብ በቅሎ በመስከረም የሚያብብ፣ ከጥቂት ሳምንታትም በኋላ ዘሩን አራግፎ የሚደርቅ ተክል ነው። በሚመጣው ዓመት የሚታየው አበባ ዘንድሮ ከወደቀው ዘር የሚበቅል ነው። እንግዲህ መስኩ በድንጋይና በሲሚንቶ ከተሸፈነ፣ ወይም አበባው ሁሉ ዘር ሳያፈራ ተለቅሞ ካለቀ፣ ለከርሞ የሚቀጠፍ አይኖርም። ይህን የተረዳች ልጅ ስትቀጥፍ እያስተረፈች ነው። አበባውን ከገበያ ብቻ የምታውቀው ልጅ ግን ማስተረፍ ለምን እንደሚያስፈልግ የምትማርበት አጋጣሚ የላትም።

ይኸው ነገር በሌሎች በዓላትም ይታያል። በጎጃም በዘመን መለወጫ ዋዜማ የሚደረገው የእንግጫ ነቀላ ልጃገረዶችን ወደ ለመለመ መስክ ያወጣቸዋል፤ የተጎነጎነው እንግጫም በራስ ላይ ይደረጋል፣ ከቤት ምሰሶም ይታሰራል። ለቡናና ለበዓል የሚጎዘጎዘው ቄጤማ የሚበቅለው በረግረግና በወንዝ ዳር ስለሆነ ረግረጉ ሲደርቅ ቄጤማውም ይጠፋል። የኦሮሞ ሕዝብ ክረምቱ ካለፈ በኋላ የሚያከብረው እሬቻ ወደ ውሃ ዳር ወርዶ፣ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ፣ ፈጣሪን የማመስገን ሥርዓት ነው። ይህ በዓል በቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ ከሚከበረው በተጨማሪ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባም ይከበራል። ውሃው ቢቆሽሽ፣ ሣሩም ቢጠፋ በዓሉ የሚፈጸምበትን ያጣል። እነዚህ ሥርዓቶች በሃይማኖትም ሆነ በቋንቋ ቢለያዩ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ይኸውም ሰውን በተወሰነ ወቅት ከተወሰነ ተክል፣ ከተወሰነ ውሃና ከተወሰነ ስፍራ ጋር ማገናኘታቸው ነው።

ዜማም እንደዚሁ ወቅትን ይቆጥራል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ኖረ የሚነገርለት ቅዱስ ያሬድ የደረሰው ድጓ በዓመቱ ወቅቶችና በዓላት የተደለደለ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ያለው ጊዜ ዘመነ ክረምት ይባላል፤ በዚህ ወራት ስለ ዝናብ፣ ስለ ዘርና ስለ ደመና ይዘመራል። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉት 40 ቀናት ደግሞ ዘመነ ጽጌ ናቸው። ጽጌ ማለት አበባ ነው፤ ማኅሌተ ጽጌም የሚቆመው ምድር በአበባ በምትሸፈንበት በዚያው ወራት ነው። የዜማ መሣሪያዎችም ቢሆኑ ከአካባቢ የተለዩ አይደሉም። ከበሮ ከተቦረቦረ ግንድና ከቆዳ፣ ማሲንቆ ከእንጨት፣ ከቆዳና ከፈረስ ጭራ፣ ዋሽንት ከሸምበቆ፣ የበገና አውታር ከበግ አንጀት ይሠራል። ለከበሮ የሚበቃ ወፍራም ዋንዛ በአንድና በሁለት ክረምት የሚደርስ አይደለም። ስለዚህ ከበሮ እንዲኖር ከተፈለገ ሳይቆረጥ የሚያረጅ ዛፍ መኖር አለበት።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «የአባቶች ልማድ ሁሉ ተፈጥሮን ይጠብቃል» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። የእንጦጦ ታሪክ ለዚህ በቂ ማስረጃ ይሆናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ በእንጦጦ ላይ ከተሙ፤ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃው አካባቢ አዲስ አበባ ተቆርቁራ ነበር። የሠራዊቱና የከተማው ሕዝብ ቁጥር እያደገ ሲሄድ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ የሚሆነው የአካባቢው ጥድና ወይራ እየተመነጠረ አለቀ። የእንጨቱ እጥረት እጅግ ከመጽናቱ የተነሣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዪቱን በስፍራዋ ያጸናት በ1880ዎቹ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ትውልዱ ከአውስትራሊያ የሆነው ይህ ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፣ ተቆርጦም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ይሁን እንጂ በጥላው ሥር ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም፤ ሣር ያልሸፈነውን የተራራ አፈር ደግሞ የክረምት ጎርፍ በቀላሉ ያጥበዋል። በዚያ ዘመን ማኅሌቱም ደመራውም አልተቋረጡም ነበር፤ ነገር ግን በዓሉ መከበሩ ብቻውን የእንጦጦን ጥድ አላዳነውም።

ታዲያ ልማድ ጠባቂ የሚሆነው መቼ ነው? ወሰን ሲኖረው፣ ወሰኑንም የሚያስከብሩ ሰዎች ሲኖሩት ነው። በሰሜን ሸዋ በመንዝ የሚገኘው ጓሳ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የአካባቢው ሕዝብ ለጣሪያ ክዳን፣ ለገመድና ለዝናብ መከላከያ ገሳ የሚያገለግለውን የጓሳ ሣር በራሱ ሥርዓት ሲጠብቅ ብዙ ትውልድ አልፏል። መሬቱ ለሦስት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ተከልሎ ይቆይ ነበር፤ ሣሩ መድረሱ ሲታመንበት በበጋ ይከፈት ነበር፤ ክረምቱ ሲገባ፣ በሐምሌ 5 ቀን በሐዋርያት በዓል ግድም፣ እንደገና ይዘጋ ነበር። ቀኑን የሚያስታውሰው ደብዳቤ ወይም ማስታወቂያ ሳይሆን ሁሉም የሚያውቀው በዓል ነበር። ሥርዓቱን የሚያስፈጽሙትም ሕዝቡ የመረጣቸው አለቆች ነበሩ። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የቀድሞውን የመሬት ይዞታ ሲለውጥ ይህም ሥርዓት ፈረሰ። ከጊዜ በኋላ ግን ነዋሪው በአዲስ መልክ ተደራጅቶ ጥበቃውን ቀጠለ፤ ጓሳ ዛሬም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ስፍራ ነው።

የአድባራትና የገዳማት ደንም እንዲሁ ነው። ብዙ መሬት በታረሰባቸው የሰሜን አውራጃዎች አገር በቀል ዛፎች ተርፈው የሚገኙት በአብያተ ክርስቲያናት አጸድ ውስጥ ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የሚገኙ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት ሥራ የእነዚህን ደኖች ጥቅም ብቻ ሳይሆን የሚያሰጋቸውንም አሳይተዋል። ዛፉ የተከበረ ስለሆነ አይቆረጥም፤ ነገር ግን ወደ አጸዱ የሚገቡት ከብቶች ቡቃያውን ስለሚበሉትና ስለሚረግጡት አሮጌው ዛፍ ተተኪ ያጣል። ስለዚህ በአንዳንድ ስፍራ ካህናቱና ምእመናኑ ከባለሙያዎች ጋር ሆነው በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ሠርተዋል። እዚህ ላይ የአባቶች ክልከላና የዘመኑ ሳይንስ አንዱ የሌላውን ጉድለት ሲሞላ እናያለን።

ወደ እንጦጦና ወደ የካ እንመለስ። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ለሕዝብ ተከፍቷል፤ በየክረምቱም ችግኝ ይተከላል። ተከላው መልካም ነው፤ ዳሩ ግን የትኛው ችግኝ በየትኛው ተረተር እንደሚጸድቅ፣ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደሚደርቅ፣ ቀድሞ ጥድና ኮሶ የት እንደነበሩ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። እነዚህም ማገዶና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱት እናቶች፣ በተራራው ላይ ያሉት የአብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮች፣ በየካ ኮረብታ ከዓለት የተፈለፈለውን የዋሻ ሚካኤልን አካባቢ የሚያውቁ ገበሬዎችና እረኞች ናቸው። ተራራው ሲራቆት ጎርፉ የሚወርደው በቀበናና በሌሎቹ ወንዞች በኩል ወደ ከተማው ነው። ስለዚህ የእነዚህ ሰዎች ዕውቀት ከግርጌ የሚኖረውን ሁሉ ይመለከታል።

ይህን ዓይነቱን ዕውቀት ዓለምም ተቀብሎታል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ ማለትም ዩኔስኮ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ባጸደቀው ስምምነት የማይዳሰሱ ቅርሶችን በአምስት ክፍል ሲመድብ ከአምስቱ አንዱን ስለ ተፈጥሮና ስለ ፍጥረተ ዓለም ያለ ዕውቀትና ልማድ ብሎታል። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም.፣ የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዚሁ ድርጅት መዝገብ ውስጥ ሰፍረዋል። ይሁንና መዝገብ ስምን እንጂ ሥራን አያቆይም። ሐውልት ሠሪው ከሞተ በኋላም ይቆማል፤ አደይን ከሌላው ቢጫ አበባ ለይቶ የማወቅ ጥበብ ግን አንዲት ታላቅ እኅት ለታናሿ ካላሳየች በዚያው ይቀራል። በአያት የምትኖር አንዲት ልጅ አበባየሆሽን ከመዝፈኗ በፊት አንድ ጊዜ ወደ የካ ኮረብታ ወጥታ አደይ የሚበቅልበትን ብታይ፣ ጥቂት ዘርም ሰብስባ በግቢዋ ጥግ ብትዘራ፣ የምታዜመው ነገር ከየት እንደመጣ አወቀች ማለት ነው።

የቃላት ፍቺ

አጸድ፤ የቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በውስጡ ያለው ዛፍና አትክልት።
ረግረግ፤ ውሃ የማይለየው፣ እግር የሚያሰምጥ መሬት።
አገር በቀል፤ ከሌላ አገር ያልመጣ፣ በራስ ምድር የበቀለ።
ተረተር፤ የኮረብታ ወይም የተራራ ጀርባ።
ገሳ፤ ከሣር ተሠርቶ በዝናብ ጊዜ የሚለበስ መከላከያ።
ማኅሌት፤ በቤተ ክርስቲያን በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ የሚቀርብ ምስጋና።

የመገንዘብ ጥያቄዎች

1. ልጃገረዶች አደይ አበባን ለመቅጠፍ ወደ መስክ በመውረዳቸው የሚማሯቸው ሦስት ነገሮች ምንድን ናቸው?
2. የእንጦጦ ታሪክ በምንባቡ ውስጥ የገባው የትኛውን አሳብ ለመቃወም ነው?
3. በጓሳ የሐምሌ 5 ቀን በዓል የሚሰጠው አገልግሎት ምን ነበር?
4. በደቡብ ጎንደር ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ ለምን አስፈለገ? ክልከላው ብቻ ያልበቃበትን ምክንያት ግለጹ።
5. «መዝገብ ስምን እንጂ ሥራን አያቆይም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በራሳችሁ ምሳሌ አብራሩ።

ክፍል ሁለት፤ ሰዋስው

ሀ. «ይነቅላሉ» ወይስ «ይነቅሉ ነበር»?

ስለ ልማድና ስለ ሥርዓት የሚጽፍ ሰው በመጀመሪያ የሚወስነው የግሱን ጊዜ ነው። የሚከተሉትን አራት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

1. ልጃገረዶች በየዓመቱ እንግጫ ይነቅላሉ።
2. ልጃገረዶች በየዓመቱ እንግጫ ይነቅሉ ነበር።
3. ልጃገረዶች ትናንት እንግጫ ነቀሉ።
4. ልጃገረዶች እንግጫ ነቅለዋል።

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ያለው ግስ የዘወትርን ድርጊት ያመለክታል። ይኸው የግስ መልክ ለትንቢትም ያገለግላል፤ «ነገ እንግጫ ይነቅላሉ» ስንል ገና የሚሆነውን መናገራችን ነው። የዘወትር ይሁን የትንቢት የሚታወቀው «በየዓመቱ»፣ «ሁልጊዜ»፣ «ነገ»፣ «ለከርሞ» በመሳሰሉት የጊዜ ተውሳከ ግሶች ነው። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ድርጊቱ በቀድሞ ጊዜ እየተደጋገመ ይፈጸም እንደነበር ይገልጻል። ሦስተኛው አንድ ጊዜ ተፈጽሞ ያለፈን ድርጊት፣ አራተኛው ደግሞ ተፈጽሞ ውጤቱ እስካሁን ያለን ድርጊት ያሳያል።

ልብ በሉ! «ይነቅሉ ነበር» የሚለውን የሚያነብ ሰው «ዛሬስ ቀርቷል» ብሎ ይረዳል። ስለዚህ በአንድ መንደር የቀረውን ልማድ ከአገር እንደጠፋ አድርጋችሁ «ነበር» ብትሉ አንባቢውን ታሳስታላችሁ። በአንጻሩም በሰፈራችሁ የተረሳውን ልማድ «ይደረጋል» ብትሉ በሕይወት የሌለውን አለ ማለታችሁ ነው፤ አለ የተባለ ነገር ደግሞ የሚደርስለት አያገኝም። ልማዱ የቀረበትና ያልቀረበት ስፍራ ሲኖር ሁለቱንም ለይቶ መጻፍ ይገባል። ለምሳሌ፤ «በአያት ዙሪያ ልጆች አደይን ከመስክ ይቀጥፉ ነበር፤ በገጠር ግን ዛሬም ይቀጥፋሉ።»

«ድሮ» የሚለው ቃል ከዘወትር ግስ ጋር አይስማማም። «ድሮ ሰዎች ቄጤማውን ከወንዝ ያመጣሉ» ማለት ስሕተት ሲሆን፣ «ድሮ ሰዎች ቄጤማውን ከወንዝ ያመጡ ነበር» ማለት ትክክል ነው።

ለ. «አይቆረጥም» የሚለው ግስ ሁለት ትርጉም

በቋንቋችን ወግና ሥርዓት ብዙ ጊዜ የሚከለክለው በትእዛዝ አይደለም። «አትቁረጥ» ከማለት ይልቅ «የደብር ዛፍ አይቆረጥም» ይባላል። ይህ ተደራጊ ግስ ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛ፣ ዛፉን የሚቆርጥ ሰው እንደሌለ ይነግራል። ሁለተኛ፣ መቁረጡ ነውር ወይም ክልክል መሆኑን ያስታውቃል። በአፍ በሚነገር ጊዜ ሁለቱ ትርጉሞች መዋሐዳቸው ለወጉ ኃይል ይሰጠዋል፤ ሰሚው «ማንም ያላደረገውን እኔ እንዴት አደርጋለሁ?» ይላልና።

በጽሑፍ ግን ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ክልከላ እያለ ዛፍ ሊቆረጥ ይችላል፤ ክልከላም ሳይኖር ሳይቆረጥ ሊቆይ ይችላል። ከዚህም በላይ ተደራጊው ግስ አድራጊውን ይሰውራል፤ የከለከለው ማን እንደሆነና ክልከላው እስከ መቼ እንደሚጸና አይነግረንም። ስለዚህ እንደሚከተለው ግልጽ አድርጋችሁ ጻፉ።

ሁኔታውን ለመግለጽ፤ «የአጥቢያው ሰዎች ከአጸዱ ዛፍ አይቆርጡም።»
ክልከላውን ለመግለጽ፤ «ሽማግሌዎቹ ከአጸዱ ዛፍ እንዳይቆረጥ ከልክለዋል።»
ወሰኑን ለመግለጽ፤ «ሣሩ እስኪደርስ ድረስ ማንም እንዳያጭድ ይከለክላሉ።»

መልመጃ አንድ

በቅንፍ ውስጥ ያሉትን ግሶች ለዐረፍተ ነገሩ በሚስማማው ጊዜ አስተካክላችሁ ጻፉ።

1. የበገና አውታር ከበግ አንጀት (ተሠራ)።
2. ድሮ በዚህ ሜዳ ላይ ከብቶች (ጋጠ)፤ ዛሬ ግን ቤቶች (ቆመ)።
3. በ1882 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ዘውድ (ጫነ)።
4. ማኅሌተ ጽጌ በየዓመቱ ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ (ቆመ)።
5. ለከርሞ በግቢያችን አደይ አበባ (ዘራ)።

መልመጃ ሁለት

የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አድራጊው በሚታወቅበት መልክ ለውጣችሁ ጻፉ፤ ሁኔታውንና ክልከላውንም ለዩ።

1. ከምንጩ ራስ ልብስ አይታጠብም።
2. አበባው ከነሥሩ አይነቀልም።
3. በአጸዱ ውስጥ ከብት አይሰማራም።

ክፍል ሦስት፤ ድርሰት

ገላጭ ድርሰት አንድን ነገር ምንነቱን፣ አሠራሩንና ምክንያቱን ለማያውቅ ሰው የሚያስረዳ ጽሑፍ ነው። ተራኪ ድርሰት «ምን ሆነ?» ለሚለው ሲመልስ፣ ገላጭ ድርሰት «ነገሩ ምንድን ነው? እንዴትና ለምን ይሆናል?» ለሚሉት ይመልሳል። በዚህ ምዕራፍ የምትጽፉት ድርሰት በአካባቢያችሁ ስላለ ወይም ስለነበረ አንድ ሥርዓት፣ ዜማ ወይም የዜማ መሣሪያና እርሱ ስለሚያስፈልገው ተክል ወይም ውሃ የሚገልጽ ይሆናል። ሥራችሁን በአራት ደረጃ አከናውኑ።

አንደኛ፤ መምረጥ። ርእሳችሁ ጠባብ ይሁን። «የኢትዮጵያ በዓላት» የሚለው ሰፊ ነው። «ለመስቀል ችቦ የሚሆነው እንጨት ከየት እንደሚመጣ» የሚለው ግን በሁለት ገጽ ሊገለጽ ይችላል።

ሁለተኛ፤ መጠየቅ። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ያሉትን አረጋውያን ጠይቁ። ስትጠይቁ አንቱታን ጠብቁ፤ አስቀድማችሁም ለምን እንደምትጠይቁ አስረዱ። ጥያቄያችሁ አዎን ወይም አይደለም በሚል ቃል ብቻ የሚመለስ አይሁን። ለምሳሌ ያህል፤

«እማማ፣ በልጅነትዎ ለእንቁጣጣሽ የምትይዙትን አበባ ከየት ታመጡ ነበር?»
«አባባ፣ ይህን ዛፍ መቁረጥ የሚከለክለው ማን ነበር? የቆረጠውስ ሰው ምን ይደርስበት ነበር?»
«ልማዱ የቀረው ከመቼ ወዲህ ነው? ምክንያቱስ ምን ይመስልዎታል?»

የሰማችሁትን ወዲያውኑ በማስታወሻ ያዙ። ተናጋሪው የተጠቀሙበትን የተክል ስም ሳትለውጡ ጻፉ፤ በስሙ ውስጥ ዕውቀት አለና።

ሦስተኛ፤ ማየት። የተባለው ስፍራ ዛሬም ካለ ከታላቅ ሰው ጋር ሄዳችሁ ተመልከቱ። የሰማችሁትና ያያችሁት ከተለያየ ሁለቱንም ጻፉ እንጂ አንዱን አትደብቁ።

አራተኛ፤ መንደፍና መጻፍ። ድርሰታችሁ አራት አንቀጾች ይኑሩት። የመጀመሪያው ሥርዓቱ ምን እንደሆነና መቼ እንደሚደረግ፣ ሁለተኛው የሚያስፈልገውን ተክል ወይም ውሃ፣ ሦስተኛው ልማዱ ያለውን ወሰንና የሚያስከብሩትን ሰዎች፣ አራተኛው የዛሬውን ሁኔታና ሊደረግ የሚገባውን ይገልጻሉ። በሦስተኛው አንቀጽ የምትጽፉት ካጣችሁ፣ ማለት ልማዱ ወሰን የሌለው ሆኖ ካገኛችሁት፣ ያንኑ በግልጽ ጻፉ። በከንቱ ማወደስ የገላጭ ድርሰት ጠባይ አይደለም።

የሁለተኛውን አንቀጽ አጻጻፍ ከሚከተለው ምሳሌ ተመልከቱ።

«ቄጤማ ለበዓል የሚጎዘጎዝ ረጅምና ለስላሳ ሣር ነው። የሚበቅለው ውሃ በማይለየው ረግረግና በወንዝ ዳር ነው። ከበላዩ ሲታጨድ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ከነሥሩ ሲነቀል ግን ቶሎ አይተካም። ረግረጉ እንዲደርቅ ከተደረገ ወይም ቆሻሻ ከተጣለበት ቄጤማው ይመናመናል። ስለዚህ ቄጤማ የሚሸጡ ሰዎች ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋቸው ንጹሕ ረግረግ ነው።»

በዚህ አንቀጽ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ምንነቱን፣ ሁለተኛው ስፍራውን፣ ሦስተኛውና አራተኛው ጠባዩንና የሚጎዳውን ነገር ይገልጻሉ፤ የመጨረሻው ከቀደሙት የሚወጣውን ድምዳሜ ይሰጣል። ግሶቹ ሁሉ የዘወትር መሆናቸውንም አስተውሉ፤ የተክል ጠባይ የሚገለጸው በዘወትር ግስ ነውና።

የቤት ሥራ

1. ከላይ በተሰጠው መመሪያ መሠረት ከ300 ቃላት ያላነሰ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።
2. በድርሰታችሁ ውስጥ ያሉትን ግሶች አስምሩባቸው። «ነበር» ካላችሁ፣ መቅረቱን ከማን እንደሰማችሁ ወይም የት እንዳያችሁ በማስታወሻችሁ አመልክቱ።
3. ድርሰቱን ለመምህራችሁ ከማስረከባችሁ በፊት ለጠየቃችኋቸው አረጋዊ አንብቡላቸው። የሚያርሙት ነገር ካለ አርሙ።
4. በመጨረሻም በምዕራፉ መጀመሪያ ላይ በደብተራችሁ ወደ ጻፋችሁት መልስ ተመለሱ። አበባውና ቄጤማው ከወዴት እንደሚመጡ አሁን የምታውቁትን ከቀድሞው መልሳችሁ ሥር ጻፉ።

የክፍሉ ድርሰቶች በአንድ ተጠርዘው በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጡ። ከእናንተ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ያንኑ ስፍራ ሄደው ሲመለከቱ፣ እናንተ «ይበቅላል» ብላችሁ የጻፋችሁት ተክል በዚያው መኖሩን ወይም «ነበር» የሚባል መሆኑን ከጽሑፋችሁ ጋር እያስተያዩ ይፈትናሉ።